አባቴ የሚነዳው ኪሳራ

ደብዳቤው ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ያየሁት ውፍረቱን ነው። ከከተማው የባስ ድርጅት የመጣ የድጎማ ጥያቄ ነበር። እኔ ያኔ የከተማውን በጀት ከሚመረምሩት ክፍሎች በአንዱ ጀማሪ ባለሙያ ነበርኩ። ሥራዬ የሌላውን መሥሪያ ቤት ጥያቄ ማንበብ፣ የተጋነነ የመሰለኝን ማስመርና ለኃላፊዬ አጭር አስተያየት መጻፍ ነው። ድርጅቱ በየዓመቱ ይጠይቃል፤ የእኛ ክፍል በየዓመቱ ይቆርጣል። ሁለቱም ወገን ነገሩን ለምዶታል።

ክርክሩ ሲጠቃለል ቀላል ነው። የትኬት ዋጋ የሚወስነው ከተማው ነው፤ ያጣውም የነጣውም እንዲሳፈር ተብሎ ዝቅ ይደረጋል። ድርጅቱ፣ «በዚህ ዋጋ ነዳጁም አይሸፈንም፤ ጎዶሎውን ሙሉልን» ይላል። እኛ ደግሞ፣ «መጀመሪያ ነዳጅ ማባከናችሁን አቁሙ፤ ባዶ ባስ ማመላለሱን ተዉ፤ ከዚያ እናያለን» እንላለን። በዚያ ዓመት ግን ድርጅቱ አዲስ ነገር ጨምሯል። ገንዘቡ ካልተፈቀደ የሚታጠፉትን መስመሮች ዝርዝር ከደብዳቤው ጋር አያይዟል። ዝርዝሩን በጣቴ እየተከተልኩ ስወርድ መሃል ላይ አገኘሁት፤ ከቀራንዮ መርካቶ።

ያንን መስመር የሚነዳው አባቴ ነው።

ለቢሮው ሰው የደበቅሁት ነገር አልነበረም፤ የጠየቀኝም አልነበረም። የሰው አባት ሾፌር ይሁን ነጋዴ በጀት ክፍል ውስጥ ማን ያነሳል? ደብዳቤውን አነበብኩ፤ የነዳጁን አንቀጽ በቀይ አሰመርኩ። የቀራንዮው መስመር ለአንድ ጉዞ የሚያቃጥለው ነዳጅ ከብጤዎቹ ሁሉ ይበልጣል። ለምን እንደሆነ የሚያስረዳ አንድ ቃል እንኳ ደብዳቤው ውስጥ የለም። «ብክነቱ ሳይታረም ድጎማ መጨመር ተገቢ አይደለም» ብዬ ጻፍኩ። ጥሩ ዓረፍተ ነገር መስሎኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

አባቴ ባስ መንዳት የጀመረው እኔ ሳልወለድ ነው። አጭር ሰው ስለሆነ ወንበሩ ላይ እናቴ የሰፋችለትን ትራስ አድርጎ ነው የሚቀመጠው። ዕድሜ ልኩን ከኋላው ቆመው የሚጓዙ ሰዎች ስለነበሩ፣ ቤት ውስጥም ከሶፋ ሲነሳ ቀስ ብሎ ነው፤ አንድ ሰው ተንገዳግዶ እንዳይወድቅበት የሚሰጋ ይመስላል። ሲቆጣም እንደዚያው ነው፤ ድንገት አይቆጣም፣ ፍሬን እየያዘ ይመጣል። ሚኒባስ ክላክስ ሲያጮኽበት ብቻ ነው ፊቱ የሚቀላው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ ቀረበ። እናቴ ኳየር ውስጥ ስለምትዘምር የጠዋቱን መዝሙር ገና በአፍንጫዋ እያንጎራጎረች ምስር ወጡን ታወጣለች። እኔ ለምን ያንን ሰዓት እንደመረጥኩ አላውቅም።

«አባዬ፣ መስመራችሁ ሊታጠፍ ነው የሚባለውን ሰምተሃል?»

«በየዓመቱ ይባላል» አለ ሳይቸኩል።

«ዘንድሮ በወረቀት ነው።»

ያነሳው ጉርሻ መንገድ ላይ ቆመ። «የትኛው ወረቀት?»

ነገርኩት። ደብዳቤው እኔ ጋ እንደመጣ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ቀራንዮ እንዳለበት። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «እና አንቺ ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አለኝ።

መዋሸት እችል ነበር። «ነዳጅ ታባክናላችሁ ብዬ ነው የጻፍኩት። ለአንድ ጉዞ የምትጠጡት ነዳጅ ከሌላው ሁሉ ይበዛል።»

«እኛ ነዳጅ አንጠጣም።»

እናቴ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ድስቱ ዞረች።

«ባሱን ማለቴ ነው፣ አባዬ።»

«ያንን ዳገት ታውቂዋለሽ? ተማሪ ሆነሽ ስንት ዓመት ወጥተሽዋል። ተቀምጠሽ ስለወጣሽው ግን አታውቂውም። ሰው እስከ በሩ ጢም ብሎ፣ በሁለተኛ ማርሽ ...»

«ዳገት በጀት ውስጥ የለም።»

ይህን ብዬ አፌን እንደዘጋሁ ተጸጸትኩ። አባቴ መብላቱን ትቶ እጁን ታጥቦ መጣና ተቀመጠ። እናቴ፣ «በሉ ባሳችሁን ከገበታዬ ላይ አንሱልኝ!» ብላ በጭልፋዋ አየሩን መታች።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን በቀጥታ አላናገረኝም። የሚፈልገውን በእናቴ በኩል ያስተላልፋል፤ «ለመንግሥት ንገሪልኝ፣ ጨውን ታቀብለኝ» ይላል። እናቴም ነገሩ ስለጣማት፣ «መንግሥት፣ ጨው» ብላ ታስተላልፋለች። በሦስተኛው ቀን ጫማውን እየቦረሸ ቀና ሳይል፣ «ፈቃድ አለሽ?» አለኝ።

«የዓመት ፈቃድ አለኝ።»

«አንድ ቀን ውሰጂና ከእኔ ጋር ዋይ።»

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቀራንዮ ፌርማታ ላይ ሰልፍ ያዝኩ። እሱ ባሷን ከማደሪያዋ ከዴፖ ይዞ ሲመጣ በመስኮቱ አየኝ፤ እንደማንም ተሳፋሪ አሳለፈኝ። የኋላው በር ላይ ትኬት ቆራጯ ተቀምጣለች። ሒጃቧን አጥብቃ የጠመጠመች፣ በዕድሜ እኔን የምታክል የኮልፌ ልጅ ነች። ከአባቴ ጋር ሰባት ዓመት ሠርታለች፤ ቤታችን ግን መጥታ ስለማታውቅ በወሬ ብቻ ነበር የማውቃት።

«የጋሼ ልጅ ነሽ አይደል? ዓይናችሁ አንድ ነው» አለችኝ። ፈገግ ብዬ ላልፍ ስል እጇን ዘረጋች። «ትኬት ግን ትቆርጫለሽ። በኋላ በጀት ስትመረምሪ በነፃ ተሳፈረች እንዳትባይ።»

አባቴ ለእሷም እንደነገራት ያኔ ገባኝ። ከፍዬ ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር ላይ ማስታወሻዬን ይዤ ተቀመጥኩ።

ባሷ ሁለተኛው ፌርማታ ላይ ሞላች። ወደ መርካቶ የሚወርዱ ጨርቅ ነጋዴዎች ዕቃቸውን በማዳበሪያ ቋጥረው ይገባሉ። ካርዳቸውን በፕላስቲክ የያዙ ሐኪም ቤት ሂያጆች አሉ። የተማሪዎች ቦርሳ በየሰው ፊት ይወዛወዛል። ትኬት ቆራጯ ከኋላ፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ መሃሉ ባዶ ነው!» ትላለች። መሃሉ ባዶ አልነበረም። አሥራ ስምንት ማዞሪያ የሚባለው ሰፈር ልንደርስ ስንል አባቴ ከፌርማታው ቀደም ብሎ፣ ጎማው የእግረኛ መንገዱን ሊልስ እስኪቀርብ ተጠጋና ቆመ። በክራንች የምትሄድ ሴት ከእግረኛ መንገዱ ሳትወርድ በፊተኛው በር ቀጥታ ወደ ውስጥ ገባች። በኋላ እንደሰማሁት መርካቶ ልብስ የምትሰፋ ባለሙያ ናት።

«ከፌርማታ ውጭ ማቆም ያስቀጣል አይደል?» አልኩት በለሆሳስ።

«ያስቀጣል» አለ፤ መስታወቱን አይቶ ባሷን ቀስ ብሎ አንቀሳቀሳት።

በአጠና ተራ መንገዱ ተዘጋጋና እየተሳብን መርካቶ ደረስን። ሁሉም ከወረደ በኋላ አባቴ ባሷን ጥግ አስይዞ ሻይ ሊጠጣ ወረደ። ሞተሩ ግን ይሠራል። ሻዩን ጠጣ፣ ከሌሎች ሾፌሮች ጋር ተጫወተ፣ ተራው እስኪደርስ ጠበቀ። ሞተሩ አሁንም ይሠራል። ጭሱ ወደ እኛ ሲመጣ እኔ ማስታወሻዬን አወጣሁ። ሌባውን እጅ ከፍንጅ የያዝኩ መስሎኝ ነበር።

«አባዬ፣ ለምን አታጠፋውም?»

«ካጠፋኋት አትነሳም።»

«እንዴት አትነሳም?»

«የሚያስነሳት ሞተሪኖ ከሞተ ወራት አልፈዋል። ጠዋት ዴፖ ውስጥ በሌላ መኪና ተገፍታ ነው የምትነሳ። እዚህ ካጠፋኋት ማን ይገፋታል? አንቺ?» ጠጋ አለኝ። «ጠይቀናል። ሞተሪኖ ይገዛልን ብለን በደብዳቤ ጠይቀናል። በጀት ሲፈቀድ ተባልን።»

የመለዋወጫውን በጀት ያስቆመው የእኛ ክፍል ነበር። ያስቆመውም ነዳጅ ታባክናላችሁ ብሎ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ፣ ሾፌሩ ምሳ ሲበላ እንኳ ሳትጠፋ የምትውል ባስ ፊት ቆሜ፣ ሁለት ጊዜ ያነበብኩት ያ ጥሩ ዓረፍተ ነገር ትዝ አለኝ። ሳቄ መጣ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

«ምን ያስቅሻል?»

«‹ብክነቱ ሳይታረም አይሰጥ› ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

አባቴ ያንን ሰምቶ ሊያሾፍብኝ ይችል ነበር። አላደረገውም። የሻዩን ብርጭቆ መለሰና፣ «ነይ፣ ሌላም አለ» አለኝ።

ሌላው ወደ አምስት ሰዓት ገደማ መጣ። ከመርካቶ ወደ ቀራንዮ ስንመለስ ባሷ ውስጥ ያሉት አራት ተሳፋሪዎች ብቻ ነበሩ። ከእነሱ አንዷ እኔ ነኝ።

«ይሄኛው ደግሞ የእናንተ ጥፋት አይደለም» አለ አባቴ። «ጠዋትና ማታ ሰው እርስ በርሱ ይረጋገጣል። በዚህ ሰዓት አየር ነው የምጭነው። የስምሪት ሰሌዳው ከጥንት ጀምሮ ያው ነው። ረፋዱን ሁለት ጉዞ ቀንሰው ጠዋት ቢጨምሩ፣ ይቺ ትኬት ቆራጫችን በሩ ላይ አትጨነቅም ነበር።»

«ለምን አልነገርካቸውም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ትኬት ቆራጯ ሰው ስለሌለ ወደ ፊት መጥታ ከአጠገቤ ተቀምጣ ነበር። «ጋሼ፣ እኔ ጠይቄዎት አላውቅም?» አለችው።

«አንቺማ ስትጠይቂ ነው የምትውይው፤ መልሱን ማን ይሰማል።»

ተሳሳቁ። ከዚያ ዳገቱ መጣ። ባዶዋም ባስ አቃሰተች። ይህን ማስታወሻዬ ላይ አሰፈርኩት።

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ የድሮውን አስተያየት ቀደድኩና አዲስ ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ሆነ። ሞተሪኖው ሳይገዛ ነዳጅ ሊቀንስ እንደማይችል ጻፍኩ፤ የረፋዱ ጉዞ ብክነት መሆኑንም አልሸሸግኩም፤ ዳገቱንም አስገባሁ። ኃላፊዬ ዘንድ ይዤው ገባሁ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚያነቡ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ «ደህና» የሚል ቃል ሲናገሩ ሰምቻቸው የማላውቅ ሴት ናቸው። ሁለቱንም ገጽ ጨርሰው ቀና አሉ።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ባሱ ላይ ዋልኩ።»

«ማን ፈቅዶልሽ?»

«ሾፌሩ አባቴ ነው።»

መነጽራቸውን አወረዱ። «ይሄን የነገርሽኝ መቼ ነው?» አሉኝ።

«አሁን።»

«መቼ መንገር ነበረብሽ?»

«ደብዳቤው የመጣ ቀን።»

«እሺ» አሉ። «ጽሑፍሽ ደህና ነው። አንቺ ግን ከዚህ ጉዳይ ወጥተሻል። ስምሽ እዚህ ላይ ከታየ እውነቱ ሁሉ የአባትሽ ጉዳይ ተብሎ ይጣላል። ገባሽ?»

ገብቶኛል። ቢሆንም ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ጉዳዩ አጠገቤ ለሚቀመጠው ባልደረባዬ ተሰጠ። እሱ ፈጣንና ጎበዝ ልጅ ነው፤ ጽሑፌን ወስዶ አሳጠረው። ሞተሪኖውና የረፋዱ ጉዞ እንዲቆዩ አደረገ፤ ዳገቱን ግን ሰረዘው።

ማታ ለአባቴ ስነግረው የፈራሁትን ያህል አልከፋውም። «ልክ ናቸው ሴትዮዋ» አለ። «እኔም የወንድሜን ልጅ ትኬት ቆራጭ አድርገው ቢሰጡኝ እምቢ እላለሁ።»

ቅዳሜ ከሰዓት ስለ መስመሩ መታጠፍ የወረዳው አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ከድርጅቱ ሱፍ የለበሱ ሰውዬ መጡ፤ ከእኛ ክፍል ባልደረባዬ መጣ። እኔ በእናቴና በአባቴ መሃል እንደ ማንኛውም ነዋሪ ተቀመጥኩ። አባቴ፣ ሠራተኞች በስብሰባው እንዳይናገሩ ስለተነገራቸው ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ጎትቶ ነበር።

የድርጅቱ ሰው ገንዘብ እንዳልተሰጣቸው ተናገሩ። ባልደረባዬ የተሰጠውም በአግባቡ እንዳልዋለ ተናገረ። ሰውዬው መልሰው ተነሱ፤ እሱም መልሶ ተነሳ። እንዲህ ሲቀባበሉ ከፊት ወንበር የመርካቶ ጨርቅ ነጋዴ የሆኑ ሐጂ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ልጆቼ» አሉ፣ «አንዳችሁ አልሰጡንም ትላላችሁ፤ አንዳችሁ ያባክናሉ ትላላችሁ። ይሄን ቢሯችሁ ሆናችሁ ተጨቃጨቁ። እኛ የመጣነው ሰኞ ባሱ ይመጣል ወይ ለማለት ነው።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ያቺ በክራንች የምትሄደው ልብስ ሰፊም ማይክ ተቀበለች። «ዋጋ ጨምሩ ግድ የለም» አለች። «ባሱን ግን አትውሰዱብን። ታክሲው ክራንቼን ሲያይ ጥሎኝ ነው የሚሄድ።» ገና ሳትጨርስ አንዲት ጎረቤታችን ከኋላ ብድግ አለች። «ግድ የለም የምትይው ላንቺ ነው! እኔ አራት ልጅ ነው በዚህ ባስ የምልክ። ማን ጨምሩ አላችሁ?» ሁለቱም ልክ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራ ጀመር። በጫጫታው መሃል አንድ ሰው አባቴን አወቀው።

«ሾፌሩ እዚህ አለ! ሾፌሩ ይናገር!»

አባቴ በኮፍያው ሥር ተሸሸገ። አልሆነም፤ ማይኩ በእጅ በእጅ እየተቀባበለ መጣ። ቀስ ብሎ ተነሳ። ቤት ውስጥ ስለዚህ መስመር ለሰዓታት የሚያወራውን ሰው የማውቅ እኔ፣ አሁን ጉድ ሊፈላ ነው ብዬ እጄን ጨበጥኩ።

«እኔ እንኳ የምለው የለኝም» አለ። «ሞተሪኖ ይገዛላት። ከዚያ ስቆም አጠፋታለሁ። ሌላ አላውቅም።»

ተቀመጠ። መጀመሪያ ሐጂው ሳቁ፤ ከዚያ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሱፍ የለበሱት ሰውዬ ቀና ሳይሉ አንድ ነገር ጻፉ። ባልደረባዬ ግን ወደ እኔ ዞሮ አየኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ አልማረችውም። «ስንት ዓመት ገበታዬ ላይ ስትሰብክ ኖረህ፣ ማይክ ስታገኝ ይሄው ነው?»

«ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ጠፋብኝ» አለ። «እኔ የለመድኩት ሰው ከኋላዬ ሲሆን ነው።»

ነገሩ ያለቀው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ያለቀውም እንደ ተመኘነው ሙሉ በሙሉ አልነበረም። ከተጠየቀው ገንዘብ ከፊሉ ተፈቀደ። የቀራንዮ መስመር ሳይታጠፍ ቀረ። የትኬት ዋጋ ትንሽ ጨመረ። አራት ልጅ ያላት ጎረቤታችን፣ «ከእናንተ ቤት የወጣ ነገር ነው» ብላ እናቴን ለረጅም ጊዜ በሩቁ ነበር ሰላም የምትል፤ እናቴም ይሄ ያማት ነበር። የረፋዱ ጉዞ ሲቀነስ ትኬት ቆራጯን ወደ አስኮ መስመር አዛወሯት። ይህን አባቴም እኔም አላሰብነውም ነበር። የሄደች ቀን ቤታችን መጥታ ከእናቴ ጋር ምሳ በላች። «ጋሼ ባይናገሩ ጥሩ ነበር» ብላ እየሳቀች ቀለደችበት፤ እሱ ግን ያን ቀን ሳቅ አልመጣለትም።

ሞተሪኖው የተገዛው የአባቴ ጡረታ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው። መርካቶ ላይ ባሷን ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠፋ ቀን ማታ ሲነግረን፣ «እዚያ ቦታ ላይ ሚዛን የሚጠግን ሰው አለ ለካ» አለ። «ለስንት ጊዜ ከጎኑ ስቆም መዶሻውን ሰምቼው አላውቅም።»

ጡረታ ሲወጣ አንድ ወረቀት አስፈልጎት የእኔን ቢሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ረገጠ። ካኔቴራውን ቀይሮ፣ ኮቱን ለብሶ፣ በባስ መጣ። ኮሪደር ላይ ከኃላፊዬ ጋር ተገጣጠምን፤ ማስተዋወቅ ግድ ሆነብኝ።

«ሾፌሩ እርስዎ ነዎት?» አሉት።

«ነበርኩ፣ እመቤቴ።»

«ያ ዳገት እንዲያው እንደሚባለው ነው?»

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ አየኝና ወደ እሳቸው ዞረ። «እንዲያውም ልጄ አሳንሳ ነው የጻፈችው» አለ።

ኃላፊዬ ሻይ ሊጋብዙት ወደ ሠራተኞች ክበብ ይዘውት ሄዱ። እኔ ስብሰባ ስለነበረኝ አልተከተልኳቸውም። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቼ ስመጣ አሁንም ተቀምጠዋል። የኃላፊዬ መነጽር ግንባራቸው ላይ ነው፤ አባቴ የስኳር ዕቃውን ባስ፣ ሁለት ማንኪያዎችን መንገድ አድርጎ፣ ጠዋት ሰው የሚበዛው የትኛው ፌርማታ ላይ እንደሆነ ያሳያቸዋል። ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።